ፊቷ የደበዘዘው ልጅ

ግሪኖክ ላይ ዝናብ ሳያንኳኳ ይገባል፤
የቤት ዘመድ ሆኗል፣ ማን ውጣ ይለዋል?
በዚያ ምሽት ግን እኛው ልንወጣለት
ካርታ ዘረጋን ከጠረጴዛው፣ የእራቱን ሳህን አንስተንለት።
አውስትራሊያ ሰፍታ ጠረጴዛው ጠበባት፤
ፐርዝ ከጠርዙ ስትወድቅ ሮሪ በክርኑ ያዛት።

እኔ አዋላጅ ነኝ፤ የሦስት ከተማ ሆስፒታል ጽፎልኛል፣
ሦስቱም «ነይልን» ይላል፣ ሦስቱም «ቶሎ» ይላል።
ሮሪ በያጅ ነው፤ ብረት ካለ ይበላል።
እንቅልፍ የነሣን እንጀራው አይደለም፤
ሁለት ልጅ ከነሥሩ ነቅሎ መትከል
እንደ ጎመን ችግኝ በመስመር አይሆንም።

«ሆባርት ትሻላለች፤ ብርድ አላት፣ ወደብ፣ ተራራ፣ ጭጋግ አላት፤
እኛኑ ትመስላለች» አለ ሮሪ በፍቅር እያያት።
እኛን ከመሰለችማ ግማሽ ምድር ዞሬ ለምን ልምጣላት?

ብሪዝበን የአጎቱ ልጅ አለ፣ ጓሮው ገንዳ ያለበት፤
በደወለ ቁጥር ስለ ገንዳው ነው፣ ስለ ውኃው ጥራት፤
ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ የጎረቤት ስም አልወጣም ከሱ አንደበት።

ወረቀት አሰመርኩ፤ ኪራይ፣ ትምህርት ቤት፣ የአውቶቡስ ሰዓት፣
ለፈርጉስ ሳንባ የአየሩ ድርቀት፣
ከሥራ እስከ ደጅ ስንት ደቂቃ በእግር፣ በሌሊት።
ፈርጉስ ዐሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ካኮረፈ ወር አልፎታል፤
ከደረጃው ወርዶ እርሳሴን ነጠቀ፣ አንድ ዓምድ ጨምሯል፦
«ከአያቴ መቃብር ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል?»

ለካሁት። አንዱ ከአንዱ በሁለት ሺህ ቢያንስ፣
ሁሉም በእግር አይደረስ።
ዓምዱን አላጠፋሁትም፤
አልደመርኩትምም።

አዮና ስድስቷ ነው፤ ቁጥር አይገዛትም።
እኛ ስንቀንስ፣ ስንደምር፣ እሷ በኮምፒውተር ጂሎንግ ገብታ፣
ባለ ካሜራው መኪና ያነሣውን መንገድ በጣቷ ነድታ፣
ቤት ለቤት ዞራ፣ አጥር ለአጥር አይታ፣
አንዲት ልጅ አገኘች ከባሕር ዛፍ ሥር፣
ብስክሌት ተደግፋ፣ አንድ ካልሲዋ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ተኝታ።
ፊቷን ማሽኑ አደብዝዞታል፤
ማሽንን እንኳ ይሉኝታ ይዞታል።

«እዚህ» አለች። «ይቺ ጓደኛዬ ናት።»
«ፊት እኮ የላትም» አላት አባቷ።
«እኔን ስታየኝ ይጠራላታል።»

ሳቅን። ሻይ ተቀዳ።
ሳቁ ሲያልቅ ግን እርሳስ ያነሣ የለም።

ሰው ሲጠይቀን «ደመወዙ ነው» እንላለን፤
«ለልጁ ደረት ነው» እንላለን።
በድምሩማ አደላይድ ነበረች ያሸነፈችን።

በየካቲት ደረስን፤ ሙቀቱ የምድጃ አፍ።
አዮና ሻንጣ ሳይወርድ ሮጠች ወደዚያ ባሕር ዛፍ።
ዛፉ አለ።
ልጅቷ የለችም።
ከፊት ለፊት ያሉት ባልቴት፣ የዛግሬቧ ወይዘሮ ድራጊካ፣
ስልኬን አርቀው አዩት፣ አቅርበው አዩት፤
«ኔቬንካ! የልጄ ልጅ! በካልሲዋ አወቅኋት።
ኧረ ይሄ ስንት ዘመኑ!
አሁን ዳርዊን ናት፣ የጭነት መኪና ነው የምትነዳው፤
እኔንም በዓመት አንዴ ነው የምታየኝ።»
ብስክሌቱን ከጋራዡ ጎትተው ሰጧት። ግራ ፔዳል የለውም።

አላለቀሰችም። አባቷ ፔዳሉን በየደላት።
ፈርጉስ አሁንም ያኮርፋል፤
ትናንት ግን መንገደኛ ቢጠይቀው
«ሁለተኛው መታጠፊያ፣ በግራ» ሲል ሰማሁት፣
ሳያስበው።

አዮና ማታ ማታ ከዛፉ ሥር ትቆማለች፣
ብስክሌቱን ተደግፋ፣ አንድ ካልሲዋን ራሷ አውርዳ።
«እራት!» ስላት፣ «ቆይ» ትለኛለች፤
«ባለ ካሜራው መኪና አሁን ቢያልፍስ?
የሆነ አገር እየዘነበ፣
አንዲት ልጅ መንገዱን እያየች ቢሆንስ?»